«ገጸ ባሕርዬ ነው የተናገረው» አይባልም

በዚህ የትምህርት ዘመን በክፍሎቻችንም በግቢያችንም ደጋግመን የሰማነው አንድ ሰበብ አለ፤ «እኔ አይደለሁም፣ ገጸ ባሕርዬ ነው የተናገረው» የሚል። ሰበቡ የተወለደው ከኢንተርኔት የሚና ጨዋታ ነው። ጅቡቲ በቀትር ሙቀት በሯን ስትዘጋ፣ ማታም የቤት ሥራ ሲያልቅ፣ ከመካከላችን ብዙዎች በስልክና በኮምፒውተር ተገናኝተው አንዱ ባላባት፣ አንዷ አስማተኛ፣ ሌላው ጫካ ለጫካ የሚዞር ቀስተኛ ይሆናሉ። ማታ የተባለው ክፉ ቃል በማግስቱ ከነቁስሉ ወደ ክፍል ይገባል። የተሰደበው ያኮርፋል፤ የተሳደበው ያንኑ ሰበብ ይደግማል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀን የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ጨዋታውን እንወደዋለን። ስለዚህ የምንናገረው ለሁለት ወገን ነው። ጨዋታው ውሸት ያስተምራል ለሚሉ ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን፣ ገጸ ባሕርይን ጠብቆ መጫወት ሥርዓትና ጨዋነት የሚጠይቅ ችሎታ መሆኑን ልናስረዳ እንወዳለን። ከገጸ ባሕርያቸው ጀርባ ለሚደበቁ ጓደኞቻችን ደግሞ ሰበቡ የማያስኬድ መሆኑን በግልጽ እንነግራቸዋለን።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ እናስረዳ። የዛሬው የሚና ጨዋታ አባት የሚባለው ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ያሳተሙት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው፣ ዳይ እየጣሉ በአፍ የሚጫወቱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾና ሪቻርድ ባርትል የሚባሉ ተማሪዎች ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበትን ምናባዊ ዓለም በኮምፒውተር ላይ ሠሩ። ሥዕል አልነበረውም፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነበር። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2004 «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ወጣና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ አንድ ምናባዊ አገር ገቡ።

በዚህ ጨዋታ ውስጥ ገጸ ባሕርያቸውን ጠብቀው መጫወት ለሚፈልጉ ሰዎች የተለዩ ሰርቨሮች አሉ። በእነዚያ ሰርቨሮች ለሰይፍና ለአስማት ዘመን የማይመጥን ስም ይዞ መግባት እንኳ እንደ ነውር ይቆጠራል። ተጫዋቹ የሚናገረው እንደ ራሱ ሳይሆን እንደ ፈጠረው ሰው ነው። ተራራ ሥር ያደገ ድዋርፍ አንጥረኛ ከሆነ ስለ ብረትና ስለ መዶሻ ያወራል እንጂ የእሁዱን የእግር ኳስ ውጤት አያነሳም። የግድ እንደ ራሱ መናገር ሲያስፈልገው፣ «እናቴ ጠራችኝ፣ መጣሁ» ለማለት ያህል፣ ቃሉን በሁለት ሁለት ቅንፍ ውስጥ ይጽፈዋል። ቅንፉ በር ነው። በቅንፍ ውስጥ ያለው ተጫዋቹ ነው፤ ከቅንፍ ውጭ ያለው ገጸ ባሕርዩ ነው። ይህን በር የማያውቅ ሰው ከጨዋታው ዋናውን ነገር አላወቀም።

ከበሩ ሌላ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው፣ ገጸ ባሕርይህ የማያውቀውን አንተ ብታውቅም አትጠቀምበት የሚል ነው። በዋርክራፍት የእያንዳንዱ ሰው ስም ከጭንቅላቱ በላይ ተጽፎ ይታያል። ሆኖም ጥሩ ተጫዋች መንገድ ላይ ያገኘውን እንግዳ በስሙ አይጠራውም። «እንደምን ዋልክ መንገደኛ፤ ማን ልበል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ዓይኑ ያነበበውን አፉ እንዳይናገር ይጠብቃል። ሁለተኛው ሕግ፣ በሌላው ሰው ገጸ ባሕርይ ላይ አትወስን የሚል ነው። «በሰይፌ አንገቱን ቀነጠስኩት» ብሎ መጻፍ ነውር ነው። «ሰይፌን ወደ አንገቱ ሰነዘርኩ» ይባልና ይጠበቃል። ይሙት ይዳን፣ ይጎንበስ ይመክት፣ የሚወስነው የገጸ ባሕርዩ ባለቤት ነው። የሌላውን ሰው አፍ ነጥቆ የሚናገር፣ የሌላውን እጅ ይዞ የሚመታ ተጫዋች ብዙ ሳይቆይ ብቻውን ይቀራል።

ወላጆቻችን ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ ውሸት ነዋ» ይሉናል። እኛ ግን ይህን ነገር ያስተማሩን እነሱ ናቸው እንላለን። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን የመለስነው ፈቃዳችንን ስንሰጥ ነበር፤ እሺ፣ አሁን ጅብ ይናገራል፣ ጦጣ ትሟገታለች፣ እኛም እናምናለን ማለታችን ነበር። ሲያበቁም «ተረቴን መልሱ» ብለው በሩን ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ጅቡ ተመልሶ ጅብ ነው። ከተረቱ ዓለም መውጫው በቃል የታወቀ ነው፤ ቅንፍ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ቅንፍ ነበረን።

ዕቃ ዕቃ ስንጫወትም እንዲሁ ነበር። በቆርኪ ጠላ የቀዳች፣ በአሸዋ እንጀራ የጋገረች ልጅ ውሸታም አልተባለችም። እንግዳ ሆኖ የመጣው ልጅ አሸዋውን «እንዴት ይጣፍጣል!» ብሎ ካልተቀበላት ግን ጨዋታው ፈረሰ። እንካ ሰላንቲያም አለ። በእንካ ሰላንቲያ እርስ በርስ ተዘላልፈን ተሳስቀን እንለያያለን፤ ምክንያቱም ስድቡ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ሁለታችንም እናውቃለን።

ውሸታም ጨዋታ መሆኑን የሚደብቅ ሰው ነው። የሚና ተጫዋች ግን ከሌሎች ጋር ተስማምቶ፣ እየታወቀ፣ ሌላ ሰው ይሆናል። ገጸ ባሕርይን መጠበቅ ማለት አብረውን ለሚጫወቱት የሰጠነውን ቃል መጠበቅ ማለት ነው። አንዱ ተጫዋች በሐዘን ትዕይንት መካከል ስለ አዲስ ስልኩ ቢያወራ የሚጎዳው ራሱ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹ ለሦስት ሰዓት የገነቡትን ቤት ነው የሚያፈርሰው።

ይህ ቃል እኛ በምንኖርበት አካባቢ የራሱ ፈተና አለው። የጨዋታዎቹ ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ ያሉት አውሮፓ ነው። ፈጣን ውጊያ ከሆነ እኛ ሰይፍ እስክንመዝ ሞተን እናድራለን፤ ኔትወርኩ ይዘገያላ። በቃል የሚካሄደው ሚና ግን ለዘገየ ኔትወርክ ታጋሽ ነው፤ የጽሑፍ መልስ በሁለት ሴኮንድ ቢዘገይ ማን ይቀየማል? ከእኛ መካከል ብዙዎች ከውጊያው ይልቅ ሚናውን የመረጡት ለዚህም ጭምር ነው። መብራት ሲጠፋስ? ባላባቱ ንግግሩን ሳይጨርስ ድልድይ መሃል ደንዝዞ ይቀራል። የለመዱ ተጫዋቾች «ኔትወርኩ ጠፋበት» ብለው ጨዋታውን አያቋርጡም። አንዷ «ጌታዬ ዛሬም በሐሳብ ተውጠዋል፤ እንተዋቸው» ትልና ጉዞው ይቀጥላል። መብራት ሲመጣ ባላባቱ «ይቅርታ፣ የወደቁ ወንድሞቼን እያሰብኩ ነበር» ብሎ ይቀላቀላል። ገጸ ባሕርይን መጠበቅ የጓደኛን ጉድለት መሸፈንም ነው።

ዘንድሮ እርስ በርሳችን በአማርኛ መጫወት ስንጀምር ደግሞ ያልጠበቅነውን ነገር አገኘን። በእንግሊዝኛ ሲጫወቱ ለንግሥቲቱም ለእረኛውም የሚባለው ያው አንድ ቃል ነው። በአማርኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ አለ፤ ግሡም አብሮ ይለወጣል። ንግሥት ሆና የምትጫወተው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ናት። የፈረስ ባልደራስ ሆኖ የሚያገለግላት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በግቢ ውስጥ «ነይ እስቲ፣ ደብተሩን አቀብዪኝ» የሚላትን ልጅ፣ በጨዋታው «ግርማዊት ሆይ፣ ፈረሱ ተጭኗል፤ ሲፈቅዱ እንነሣለን» ማለት አለበት። አንድ ጊዜ «ነይ» ካመለጠችው ዙፋኑ ፈረሰ፤ ሁሉም ይስቃል።

የሰባተኛ ክፍሏም ልጅ የምትማረው አላት። «እርስዎ» ሲሏት ቀና ብላ፣ ተረጋግታ፣ አሳጥራ መናገር አለባት። ቤት ውስጥ አማርኛቸው «ና» እና «ሂድ» ላይ የቆመባቸው፣ ሰፈር ሶማሊኛና አፋርኛ፣ ቢሮ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የሚሰሙ ታናናሾቻችን፣ የአማርኛን የአክብሮት አነጋገር ከሰዋስው ልምምድ ይልቅ በዚህ ጨዋታ በቶሎ ሲይዙት አይተናል። የአማርኛ መምህራኖቻችን ይህን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

እስካሁን የተናገርነው ለወላጆቻችን ነው። አሁን ወደ ጓደኞቻችን እንመለስ፤ የምንመለሰውም በአንድ እውነተኛ ታሪክ ነው።

ማትስ ስቴን ኖርዌያዊ ወጣት ነበር። ዱሼን የሚባል ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያመነምን በሽታ ይዞት ከልጅነቱ ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በ25 ዓመቱ አረፈ። ወላጆቹ ልጃቸው ብቸኛ ሆኖ፣ ወዳጅ ሳያፈራ፣ ጨዋታ ላይ አፍጥጦ ዕድሜው ያለቀ መስሏቸው አዝነው ነበር። ማትስ በኢንተርኔት ይጽፍበት በነበረው ገጽ ላይ ማረፉን ሲያሳውቁ ግን ከማያውቋቸው ሰዎች የሐዘን ደብዳቤ ይጎርፍላቸው ጀመር። ልጃቸው በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ኢብሊን የሚባል ጠንካራና ተግባቢ ሰው ሆኖ፣ ስታርላይት በሚባል የሚና ተጫዋቾች ማኅበር ውስጥ ለዓመታት ኖሮ ነበር። ያዘኑትን አጽናንቷል፣ የተጣሉትን ሰምቷል። ከማኅበሩ አባላት አንዳንዶቹ ከሌላ አገር ድረስ መጥተው በቀብሩ ላይ ተገኙ። በታሪኩ ላይ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2024 ለሕዝብ ቀርቧል።

ይህን ታሪክ ብዙ ተማሪዎች ያውቁታል፤ ጨዋታችንን ሲነቅፉብን እንደ ምስክር እናቀርበዋለን። ትክክል ነው። ነገር ግን ምስክሩ የሚናገረውን እስከ መጨረሻው እንስማ። ኢብሊን በሕይወት የሌለ፣ የተፈጠረ ሰው ነው። ቸርነቱ ግን የማትስ ነበር። ለዚህ ነው ሰዎች ለኢብሊን ሳይሆን ለማትስ ያለቀሱት። እንግዲህ በገጸ ባሕርይ አፍ የተነገረ ደግ ቃል የተናጋሪው ከሆነ፣ በገጸ ባሕርይ አፍ የተነገረ ክፉ ቃልስ የማን ነው? ምስጋናውን ለራሳችን ወስደን ስድቡን ለገጸ ባሕርያችን ልንተውለት አንችልም። ሒሳቡ በሁለቱም በኩል እኩል ይሠራል።

ይህን አባቶቻችንም ያውቁታል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚለውን ተውኔት ለመድረክ አብቅተው ነበር። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት ይባላል። በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ። ሆኖም ስለ አስተዳደር ብልሹነት የተናገረው ማን እንደሆነ፣ ለማንም እንደተነገረ የቤተ መንግሥት ሰዎች ገባቸው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። እገዳውን አንደግፍም። ግን ነገሩ አንድ እውነት ያሳያል፦ ጭምብል ያደረገ ሰው የተናገረው ቃል ባለቤት አያጣም። ደራሲው በአውሬ አፍ የተናገሩት ለመደበቅ ብቻ ሳይሆን እውነት ለመናገር ነበር። እኛ ግን አንዳንዴ ገጸ ባሕርይ የምንበደረው ፊት ለፊት ብንናገረው የምናፍርበትን ነገር ለመናገር ነው።

በግልጽ እንናገረው። በምናባዊ ዓለም ውስጥ ዘር አለ፤ ኤልፍ፣ ኦርክ፣ ድዋርፍ፣ ሰው። አንዱ ዘር ሌላውን ይንቃል፤ ጥንታዊ ቂምም አላቸው። ኦርክ ሆኖ ኤልፍን መጥላት ጨዋታው ራሱ የሚሰጠው ሚና ነው፤ በዚህ ክፋት የለበትም። ክፋቱ የሚመጣው የኦርኩ ስድብ የኤልፉን ጆሮ አልፎ፣ ከኤልፉ ጀርባ የተቀመጠውን ልጅ ትውልድና ቋንቋ፣ የአባቱን አገር ሲነካ ነው። የኤልፍን አነጋገር የምታስመስል መስለህ የክፍል ጓደኛህን አማርኛ ስታሾፍበት በሩን አልፈሃል። በዚህ ትምህርት ቤት የምንማር ልጆች ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍል የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነን። ባለፉት ዓመታት አገራችን ውስጥ የሆነው ነገር በእያንዳንዳችን ቤት በስልክ ገብቷል። በአንዳንዳችን ቤት ለቅሶ ተቀምጧል። እዚህ ላይ «ጨዋታ ነው» የሚል ሰበብ ምንም አይሸፍንም።

በዋርክራፍት አንድ የሚያስገርም አሠራር አለ። በጠላትነት የሚተያዩት ሁለት ወገኖች አንዱ የሌላውን ንግግር አብዛኛውን ጊዜ እንዳይረዳ ተደርጓል። ሰው ለኦርክ ሲናገር ኦርኩ የሚያየው ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር ነው። እጅ መንሣትና ማውለብለብ ግን ለሁለቱም ይታያቸዋል፤ ይገባቸዋል። ስለዚህ የተለያየ ወገን ያላቸው ጥሩ ተጫዋቾች ከውጊያ በፊት እጅ ይነሣሣሉ። በገጸ ባሕርይ ጠላቶች ናቸው፤ በእውነት ግን አንድ ታሪክ አብረው የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጠላት ሆኖ የሚጫወትልህ ሰው ባይኖር ጀግንነትህ ከየት ይመጣል? ጠላትህ ባለውለታህ ነው።

ስሜት ከገጸ ባሕርይ ወደ ሰው መፍሰሱ እንዳለ እናምናለን። ገጸ ባሕርይዋ የተከዳባት ልጅ ስክሪኑን ከዘጋች በኋላም ልቧ ሊከፋ ይችላል። ይህ ድክመት አይደለም፤ ከልብ የተጫወተ ሰው ምልክት ነው። መፍትሔውም የታወቀ ነው። ከከባድ ትዕይንት በኋላ በቅንፍ ውስጥ «ደህና ነሽ? ይህን ልቀጥል ወይስ እንተወው?» ብሎ መጠየቅ። አምስት ሴኮንድ አይፈጅም። ገጸ ባሕርዩን በጥብቅ የሚጠብቅ ሰው መቼ መውጣት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው። ጓደኛው እየተጎዳ «ከገጸ ባሕርይ አልወጣም» ብሎ የሚገትር ጥበቡን አልያዘም።

ወላጆቻችን ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ሌላ ነገር ነው፤ ፍርሃታቸውም ትክክል ነው። በኢንተርኔት ላይ ከባላባቱ ጀርባ ማን እንደተቀመጠ አይታወቅም። የአሥራ አምስት ዓመት ልዕልት ነኝ የሚለው የአርባ ዓመት ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታናናሾቻችንን የምንመክረው ይህን ነው፦ ገጸ ባሕርይ ሰፈሩን አይናገርም፣ ፎቶ አይልክም፣ ስልክ ቁጥር የለውም። የማያውቁት ሰው ከጨዋታው አውጥቶ ለብቻ ሊያወራችሁ፣ ወይም «ለቤተሰብሽ አትንገሪ» ሊል ከጀመረ ያ ሰው መጫወት አቁሟል፤ እናንተም አቁሙና ለታላቅ ተናገሩ። እዚህ ላይ ገጸ ባሕርይን መጠበቅ ጋሻ ነው። በገጸ ባሕርይ ብቻ የሚናገር ልጅ ስለ ራሱ የሚሰጠው ነገር የለምና።

ጊዜ ይበላል ለሚለውም አንከራከርም፤ ይበላል። እግር ኳስም ይበላል፤ ልብ ወለድም ይበላል። ፈተና ሲደርስ ንግሥቲቱም ባልደራሱም «ወደ ሩቅ አገር ተጉዘዋል» ተብሎ እንዲጻፍና ጨዋታው እንዲቆም ዘንድሮ ተስማምተን ነበር፤ ሠርቶልናል።

ለሚቀጥለው ዓመት የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ጨዋታውን ከመከልከል ይልቅ በድራማ ክበቡ ሥር አንድ ሰዓት ይስጠን፤ መምህር ተቀምጦ ይይ፤ በአማርኛ እንጫወት። ወላጆቻችን «ምን ላይ አፍጥጠሃል?» ከማለት በፊት «ዛሬ ማን ሆነህ ዋልክ?» ብለው ይጠይቁን፤ እንነግራቸዋለን። የማትስ ወላጆች ይህን ለማወቅ የቻሉት ልጃቸው ካረፈ በኋላ ነበር። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ያንን ሰበብ ከግቢያችን እናስወጣ። ገጸ ባሕርይህ ሰው ከበደለ ገጸ ባሕርይህ በጨዋታው ካሣ ይክፈል፤ አንተ ሰው ከበደልክ ግን ቅንፉን ክፈትና በራስህ ስም ይቅርታ ጠይቅ።